ሃምሳ ሎሚ

አክስቴን በየሳምንቱ አራት ወንዶች ተሸክመው ወደ ጸሎት ቤት ሲያስገቧት እያየሁ ነው ያደግኩት። ልጅ ሳለሁ በዓለም ላይ ከዚያ የሚበልጥ ክብር ያለ አይመስለኝም ነበር። ሌላው ሰው ትንፋሹ እየተቆራረጠ ያንን ረጅም የድንጋይ ደረጃ በእግሩ ሲወጣ፣ እሷ ዊልቸሯ ላይ እንደተቀመጠች፣ ከሰው ራስ በላይ ከፍ ብላ፣ ዓይኗን ጨፍና ትሄዳለች። ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ "የኔ አክስት እኮ ንግሥት ናት" እላቸው ነበር። ዓይኗን የምትጨፍነው ሰው ሲያያት ላለማየት መሆኑን ማን ይንገረኝ?

የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ሰፈሩ በሙሉ፣ በዕድሜ የሚበልጧት ሳይቀሩ፣ እትዬ ነው የሚላት። ወላጆቻቸው ቀድመው ስለሞቱ አባቴን ያሳደገችው እሷ ነበረች። በአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ስትሠራ፣ እርጥብ አንሶላ የተቆለለበት ጋሪ ከቁልቁለት ላይ አምልጦ ከግድግዳ ጋር አጣበቃት። ከዚያ ወዲህ ከወገቧ በታች አልታዘዝ አላት። እኔ ያኔ አልተወለድኩም። እኔ የማውቃት ከጎናችን ባለችው ክፍል የሹራብ ማሽኗ ፊት ተቀምጣ ነው። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ስስ ስለነበር፣ ማሽኑ ወዲያና ወዲህ ሲል የሚያሰማውን ድምፅ እየሰማሁ እተኛለሁ፣ እየሰማሁ እነሳለሁ።

አባቴ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ከተሸካሚዎቹ አንዱ እሱ ነው፤ ሌሎቹ ባለሥጋ ቤቱ፣ የሂሳብ መምህሩ እና "ረጅሙ" የምንለው የሰፈር ጎረምሳ ነበሩ። ሲወጡም ሲወርዱም አባቴ በታች በኩል ነው የሚይዘው። ክብደቱ ሁሉ ታች ባለው ሰው ላይ እንደሚያርፍ ያወቅኩት፣ ካደግኩ በኋላ፣ ከባለቤቴ ጋር ቁምሳጥን በደረጃ ስናወጣ ነው። ያኔ ግን አባቴ ታች የሚሆነው ከሁሉም ትሑት እሱ ስለሆነ ነበር የሚመስለኝ።

እትዬ ደግሞ በጸሎት ቀን ዋዜማ፣ ከሰዓት ጀምሮ፣ ውሃ አትቀምስም። እናቴ ሻይ ስታቀርብላት "ተዪው፣ ነገ ጸሎት አለብኝ" ትላለች። ከቅድስናዋ ብዛት ነው ብዬ እኔም ውሃ እምቢ ማለት ጀመርኩ።

"አንቺ ደግሞ ምን ነካሽ?" አለችኝ እናቴ።

"እንደ እትዬ መሆን ስለምፈልግ ነው።"

እትዬ ይህን ስትሰማ ሳቀች፤ ብርጭቆውን ከእናቴ እጅ ተቀብላ ራሷ አፌ ላይ ደቀነችው። "ጠጪ የኔ ልጅ። አንቺ እግር አለሽ" አለችኝ። እግርና ውሃ ምን እንዳገናኛቸው አልገባኝም፤ ዝም ብዬ ጠጣሁ።

ዘመኑ እየገፋ ሲሄድ ተሸካሚዎቹ ሳሱ። መምህሩ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። ረጅሙ አገባና ሰፈር ቀየረ። ባለሥጋ ቤቱ አንድ ቀን ቤታችን መጥቶ፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ እያሻሸ፣ "እኔ ሰውዬው በሬ ስሸከም ኖሬ በእህቴ ላማርር? ግን ይሄ ጉልበት የሚሉት ነገር ከዳኝ" ብሎ አባቴን ይቅርታ ጠየቀው። አባቴም "ምን ይደረግ፣ አንተ የቻልከውን አድርገሃል" አለው። ከዚያ በኋላ አባቴ የጸሎት ቤቱ ግቢ በር ላይ ቆሞ፣ የሚገባውን ወንድ ሁሉ እጅጌ እየያዘ፣ "ወንድሜ፣ አንዴ ብታግዘን?" ማለት ሥራው ሆነ። አንዳንዱ ወዲያው እጅጌውን ይሰበስባል። አንዳንዱ ሰዓቱን ያያል። አንዳንዱ ድንገት የሚፈልገው ሰው በሌላ በኩል ይታየዋል። እትዬ ከደረጃው ሥር ሆና ሻርፗን እያስተካከለች ወደ ዛፎቹ ታያለች።

ዝናብ ያባራበት አንድ ጠዋት፣ ድንጋዩ ገና እንደራሰ፣ ከበር ላይ የተለመነ አንድ ልጅ እግር ሰው አዳለጠውና የያዘውን ለቀቀ። ዊልቸሩ ዘመመ። ሴቶቹ ጮኹ፤ እትዬ አልጮኸችም። አባቴ በደረቱና በትከሻው ገብቶ ደግፎ አስቀረው። የአንገቱ ሥር ተገታትሮ እንደቆመ እስከ ዛሬ ይታየኛል። ሰው ሁሉ "ፈጣሪ አተረፋት!" አለ። እውነት ነው፣ ፈጣሪ አትርፏታል። ያተረፋት ግን በማን ወገብ እንደሆነ ዞር ብሎ ያየ አልነበረም፤ እኔም ጭምር።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ቤታችን ውስጥ አዲስ ነገር መጣ። አባቴ ከሥራ ሲመለስ የመሣሪያ ሳጥኑን በር ላይ ያስቀምጥና ሳይቀመጥ ወደ መኝታ ክፍል ይገባል። እናቴ ትከተለዋለች። በሩ ይዘጋል። አንድ ቀን ገርበብ ብሎ አገኘሁትና አጮለቅኩ። አባቴ ባዶ ሲሚንቶ ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። እናቴ አጠገቡ ተንበርክካ ሁለት እጆቿን ጀርባው ላይ ጭናለች። ክፍሉ አፍንጫ በሚሰነፍጥ የቅባት ሽታ ታፍኗል። "ፈጣሪዬ… ፈጣሪዬ…" ይላል አባቴ እያቃሰተ። "ቀስ በል፣ ትሰማለች" ትለዋለች እናቴ፣ በዓይኗ ወደ ስሱ ግድግዳ እያመለከተች።

ነገሩ ገባኝ። ማለቴ፣ የገባኝ መሰለኝ። እናትና አባቴ ለእትዬ እግር እየጸለዩ ነው፤ እንዳትሳቀቅ ብለው ነው የሚደብቋት። እኔ ታዲያ ለምን እቀራለሁ? ቀስ ብዬ ገባሁና ከእናቴ ጎን ተንበርክኬ፣ ሁለቱን እጆቼን አባቴ ወገብ ላይ በሙሉ እምነት ተጫንኩ።

"ዋይ!" ብሎ ጮኸ አባቴ።

እናቴ መጀመሪያ ደነገጠች። ቀጥላ አፏን በክንዷ ይዛ በሳቅ ፈረሰች። ሳቁ መሀል መንገድ ላይ ሌላ ነገር ሆነባትና ፊቷን አዞረች።

"ለማንም እንዳትናገሪ" አለችኝ ቆይታ።

"የጸሎት ምስጢር ነው?"

"አዎ" አለች በደከመ ድምፅ። "እሱ ነው። የጸሎት ምስጢር ነው።"

ቃሌን ጠብቄ ለማንም አልተናገርኩም። እትዬ ግን በእኔ ሂሳብ "ማንም" ውስጥ አትገባም፤ የሚጸለየው ለእሷ አይደል? ከትምህርት ቤት መልስ ክር ስጠቀልልላት አላስችል አለኝ።

"እትዬ፣ አባዬ በየቀኑ መሬት ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ይጸልይልሻል።"

ማሽኑ ቆመ።

"እንዴት አድርጎ?"

አሳየኋት። ወለሉ ላይ ተደፍቼ፣ አሳምሬ አቃሰትኩ።

"እናትሽስ?"

"ጀርባውን ቅባት ትቀባዋለች።"

"ሲነሳስ? እስቲ ደግሞ አነሳሱን አሳዪኝ።"

"መጀመሪያ በጎኑ ይገለበጣል። ከዚያ የአልጋውን እግር ይይዛል። ከዚያ እማዬ ታነሳዋለች።"

ይህንንም አሳየኋት። እንደ ትምህርት ቤት ድራማ የምታጨበጭብልኝ መስሎኝ ነበር። እትዬ ግን እጇን ከማሽኑ ላይ አነሳች። ከዚያ "ጎበዝ ልጅ" አለችኝና ፀጉሬን ዳሰሰችኝ። በዚያ ቀን ማሽኑ ድጋሚ ሲንቀሳቀስ አልሰማሁም።

በሚቀጥለው የጸሎት ቀን አባቴ ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ በሯን አንኳኳ።

"እትዬ፣ ረፈደ እኮ።"

"እኔ አልሄድም።"

"አመመሽ እንዴ?"

"አላመመኝም፤ ሰለቸኝ። ያ ቤት ምን አደረገልኝ? ይሄን ሁሉ ዘመን ተመላለስኩ፣ እግሬን መለሰልኝ?"

አባቴ እጁን መቃኑ ላይ እንዳደረገ ቀረ። "አንቺ ነሽ እንዲህ የምትይው?"

"እኔ ነኝ። ጸሎት እቤቴም አለ። ልጅህን ይዘህ ሂድ።"

"ከበድሽኝ አልኩሽ?"

"አላልክም።"

"ታዲያስ?"

"አላልክም አልኩህ እኮ! በሩን ዝጋልኝ፣ ብርድ ይገባል።"

የዚያን ዕለት እትዬ ከፈጣሪ ጋር ተጣላች ብዬ ነው የተኛሁት። ጥፋተኛዋ እሷ ልትሆን አትችልም፤ ፈጣሪም ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ ለሁለቱም አለቀስኩ። የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ደንበኛዋን እየለካች "እትዬ እኮ ልቧ ደነደነ" ስትል ሰምቼ፣ ልብ እንደ ዳቦ ሲደርቅ ታየኝ። አባቴም ብቻውን መሄድ አልሆነለትም፤ ቀረ። ሁለቱም በየክፍላቸው ተቀምጠው፣ ግድግዳውን እያዩ፣ ሳምንት በሳምንት ላይ ይተካል። አባቴ ወገቡን ደበቃት፤ እሷ ማወቋን ደበቀችው። የሁለቱንም ውሸት እውነት ነው ብዬ የተቀበልኩ እኔ ብቻ ነበርኩ።

በመጨረሻ አባቴ የጸሎት ቤቱን አስተዳዳሪ ለመጠየቅ ቆረጠ። ዊልቸር የሚገፋበት፣ ደረጃ የሌለው ተዳፋት መውጫ ይሠራልን ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ከአፉ ሳይወጣ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። "የእትዬ ወንድም ጸሎት ቤቱን ሊያፈርሰው ነው" ተባለ። ጥንታዊ ቤት ነው፤ ማን እንዳቆመው በውል የሚያውቅ ሰው የለም፤ ሁሉም ግን የራሱ አያት ድንጋይ እንዳቀበለ ይምላል። በስብሰባው ቀን እናትና አባቴ ይዘውኝ ሄዱ። ስብሰባው የተደረገው ላይኛው አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ማለትም ከደረጃው በላይ። የስብሰባው ጉዳይ የሆነችው ሴት ልትመጣበት የማትችል ቦታ ላይ እንደተቀመጥን ለማንም ትዝ አላለውም።

አስተዳዳሪው ነጭ ፂም ያላቸው፣ ድምፃቸው የሚያምር ሽማግሌ ነበሩ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ይህን አሁንም እመሰክርላቸዋለሁ።

"ልጄ" አሉት አባቴን፣ "ይሄ ደረጃ የአባቶቻችን ጉልበት የሳመው ነው። እኛ እያለን ደግሞ እህትህ ለምን ትቀራለች? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ነው፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጥ ነው። እንሸከማታለን እንጂ!"

"እንሸከማታለን!" አለ አዳራሹ። ጭብጨባው ጣራውን ነካ። እኔም እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። ለእትዬ ይህን ያህል ሰው! አባቴ የሚናገር መስሎ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ የወንበሩን ጠርዝ ይዞ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

ስንመለስ እናቴ "ምነው ዝም አልክ?" አለችው።

"ምን ልበል?"

"ወገብህን ንገራቸዋ!"

"ጆሮ የሌለው ሰፈር መስሎሻል? ሳልጨርስ እሷ ጋ ይደርሳል።"

ያለው ማስረጃ ወገቡ ብቻ ነበር፤ እሱንም ሊያወጣው አልቻለም። እኔ ይህ ሁሉ አልገባኝም፤ እየዘለልኩ ቀድሜ ገብቼ ለእትዬ አበሰርኳት። "ሃምሳ ሎሚ ነሽ! እንሸከማታለን አሉ! ሁሉም አጨበጨበ!"

"አጨበጨቡ?"

"እኔም አጨበጨብኩ!"

"አባትሽስ ምን አለ?"

"ዝም አለ።"

እትዬ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። "ሂጂና አባትሽን ጥሪልኝ" አለች።

የሚቀጥለው ስብሰባ በእሷ ጥያቄ ከደረጃው ሥር፣ ግቢው ውስጥ፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ሆነ። ሽማግሌዎቹ አግዳሚ ወንበር ይዘው ወረዱ። ከቅርስ መሥሪያ ቤት የመጣች አንዲት ወጣት ባለሙያም ነበረች፤ ጫማዋ ጭቃ የነካ፣ የመለኪያ ሜትር አንገቷ ላይ ያጠለቀች። ቤቱን ልትወስደው የመጣች መስሎኝ በጣም ፈራኋት።

እትዬ ድምፅ ማጉያ አልፈለገችም።

"ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ብላችኋል አሉ" አለች። "ደግ ብላችኋል፤ ፈጣሪ ያክብርልኝ። ግን ሎሚውን የጠየቀው አለ?"

ሰው ሳቀ። አስተዳዳሪውም ፈገግ አሉ።

"እኔ ሎሚ አይደለሁም። ወደዚህ ስመጣ ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ አልጠጣም። እህቶቼ፣ ጾመኛ ናት ትሉኛላችሁ፤ ጾም አይደለም። ውሃ ከጠጣሁ ሽንቴ ይመጣል። ሽንቴ ከመጣ ወደ ታች ለመውረድ አራት ወንድ መጥራት አለብኝ። ምን ብዬ ልጥራቸው? በጸሎት መሀል ተነሥቼ ምን ልበላቸው?"

አሁን የሳቀ የለም።

"ሐኪሙ ኩላሊትሽን ጎድተሽዋል ብሎኛል። ለቤተሰቤም አልነገርኩም።" ወደ አባቴ አላየችም። "ይሄ ወንድሜ ደግሞ ወገቡ ከሄደ ከረመ። ሲነሳ የአልጋ እግር ይዞ ነው የሚነሳው። እንዳልሰማ ብሎ ድምፁን አፍኖ ያቃስታል። እናንተ ያን ቀን ያጨበጨባችሁት እሱ ላይ ነው። እኔን መውደዳችሁን አውቃለሁ። እኔም እወዳችኋለሁ። ግን ደክሞኛል። እሱም ደክሞታል። መወደድ አልጎደለኝም፤ በራሴ መግባት ነው የጎደለኝ።"

አባቴ ኮፍያውን ፊቱ ላይ አደረገ። እናቴ እጄን እስኪያመኝ ጨበጠችው። አስተዳዳሪው ፂማቸውን ይዘው ወደ መሬት አዩ።

የተናገረችው ከቅርስ መሥሪያ ቤት የመጣችው ልጅ ናት። "እኔ የመጣሁት ደረጃው እንዳይነካ ለመከልከል ነው" አለች። "አሁንም እከለክላለሁ። ግን መንገድ ደረጃው ብቻ ነው ያለው ማነው?" ሜትሯን ከአንገቷ አውልቃ፣ መሬቱ ከፍ ወደሚልበት ወደ ሰሜኑ ግድግዳ ዞረች። ሰውም ተነሥቶ ተከተላት።

ማታ እትዬ ክፍል ውስጥ አባቴ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንተስ?"

"የኔን ማን ነገረሽ?"

እትዬ እኔን አየችኝ። እኔ ጥጉ ላይ ክር እጠቀልላለሁ። "ግድግዳው ስስ ነው" አለችው።

ተረት ቢሆን መውጫው እዚህ ላይ ይሠራ ነበር። አልተሠራም። ፈቃዱ ቆየ፤ ፈቃዱ ሲመጣ ከጥንቱ ጋር የሚመሳሰል ድንጋይ ጠፋ፤ ድንጋዩ ሲገኝ ግንበኛው ታመመ። አንዱ ኮሚቴ ወርዶ ሌላ ኮሚቴ ወጣ። አስተዳዳሪው መውጫው ሳያልቅ አረፉ። ባለሙያዋ ስትመላለስ እርጉዝ ሆና አየኋት፤ ቀጥሎ ልጅ አዝላ አየኋት። መውጫው የጥንቱን ግድግዳ እንዳይነካ፣ ነገ ይነሳ ቢባል ምልክት እንዳይተው አድርጋ ነው ያሠራችው፤ ሆኖም በጓሮ በር አላስገባውም ብላ ተሟግታ፣ ዞሮ ዞሮ ዋናው በር ላይ አደረሰችው። እኛ ስንጠብቅ ስንጠብቅ፣ እኔ ሁለተኛ ደረጃ ገባሁ። የአባቴ ወገብ ጎብጦ ቀረ። እትዬ ከሰው ሁሉ በፊት መጠየቁን ተወችው።

የምረቃው ዕለት ባለሥልጣን መጣ፤ ጥብጣብ ተወጠረ። እትዬ ቀድማ እንድትወጣ፣ ፎቶ አንሺ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ሰው ላኩባት። "ዛሬ ደክሞኛል፤ መውጫው ካለ ነገም አለ" ብላ መለሰችው። ጥብጣቡን ሌላ ሰው ቆረጠው። ያኔ እልኸኛ መስላኝ ተናድጄባታለሁ። አሁን ግን ሳስበው፣ በሰው ዓይን ሥር መውጣት ድሮም የነበረ ነው።

የሄደችው ከዚያ በኋላ፣ ጸሎት በሌለበት ተራ ቀን ነው። አባቴና እኔ ከጎኗ ነበርን። እጄን ወደ ዊልቸሩ ስሰድ "ተዪ" አለችኝ። ተዳፋቱ ረጅም ነው፤ እየቆመች፣ እጇን እያራገፈች፣ እንደገና እየገፋች ወጣች። አባቴ እጆቹን ምን እንደሚያደርጋቸው አጥቶ፣ አንዴ ወደ ኋላ፣ አንዴ ኪሱ ውስጥ ያደርጋቸዋል።

ውስጡ ባዶና ቀዝቃዛ ነበር። እትዬ የምትጸልይ መስሎኝ ፀጥ ብዬ ቆምኩ። እሷ ግን አልጸለየችም። መዞር ጀመረች። ተሸካሚዎቹ ሁልጊዜ የሚያስቀምጧት በሩ አጠገብ፣ አንድ ትልቅ ባለ ሥዕል ምሰሶ ፊት ነበር። ካስቀመጧት በኋላ በሰው መሀል መንቀሳቀሻ አልነበራትም። አሁን ምሰሶውን ዞረችውና ቆመች።

"ነይ እስቲ፣ ጉድ እዪ!" አለችኝ። "ጀርባውን ቀለም አልነካውም! ይሄን ሁሉ ዘመን ፊቱን ብቻ አይቼ፣ ዙሪያውን ያማረ መስሎኝ!"

ሳቋ ጣራው ሥር ዞሮ መጣ። ከዚያ ወደ ቀኝ ሄደች፤ መስኮቶቹን አንድ በአንድ እየቆመች ወደ ውጭ አየች። ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰች። ወደ ጨለማው ጥግ ገብታ ወጣች።

አባቴ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲጠብቃት እንቅልፍ ጣለው። አፉ ትንሽ ተከፍቷል። የበሩ ጠባቂ ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ብቅ አለ፤ መዝጊያ ሰዓት ደርሷል። አባቴን ልቀሰቅሰው ወደ እሱ ስሄድ እትዬ ከማዶ አየችኝ።

"ተዪው ይተኛ" አለች፤ ለጠባቂውም እጇን አነሳችለት። "እኔም ገና አልጨረስኩም።"

ጠባቂው ትከሻውን ሰብቆ ደፉ ላይ ተቀመጠ። እኔም ከአባቴ ጎን ተቀመጥኩ። ወዲያው ራሱ ዘንበል ብሎ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ከበደኝ። የእትዬ ጎማ ድንጋዩ ላይ ሲንከባለል እያዳመጥኩ፣ ሳልንቀሳቀስ ተሸከምኩት።